የዋይትቻፕል ግድያዎችና የነፍሰ ገዳይ ታሪክ አንባቢ

የዋይትቻፕል ግድያዎች የሚባሉት እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1888 እስከ ፌብሩዋሪ 1891 በምሥራቅ ለንደን የተፈጸሙና በአንድ የፖሊስ መዝገብ የተያዙ የ11 ሴቶች ግድያዎች ናቸው። ከእነዚህ የአምስቱ፣ ማለትም የሜሪ አን ኒኮልስ፣ የአኒ ቻፕማን፣ የኤሊዛቤት ስትራይድ፣ የካትሪን ኤዶውስና የሜሪ ጄን ኬሊ ሞት፣ ባልተያዘው «ጃክ ዘ ሪፐር» ላይ ይላከካል። አምስት የሚለው ቁጥር የጸናው የፖሊስ ሹሙ ሜልቪል ማክናተን በ1894 በጻፉት ማስታወሻ ነው፤ እሳቸው ሥራ የጀመሩት ግን ከአምስቱ ግድያዎች በኋላ በ1889 ስለሆነ ቁጥሩ ዛሬም ያከራክራል። ሰው በተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ታሪክ ለምን ይሳባል ለሚለው ጥያቄ ይህ ጉዳይ ጥሩ መነሻ ነው፤ የአንባቢው ጉጉት እንዴት እንደተቀሰቀሰ ቀን በቀን ተመዝግቦ ይገኛልና።

የ1888 መጸው

የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥ በ1855 ተነሥቶ ጋዜጣ ረክሶ ነበር፤ በጃንዋሪ 1888 የተቋቋመው የማታ ጋዜጣ ዘ ስታር በግማሽ ፔኒ ይሸጥ ነበር። ፖሊስ ፍንጩ ወጥቶ ተፈላጊው እንዳይጠነቀቅ ሲል ለጋዜጠኞች ምንም አይናገርም ነበር። ስለዚህ ሁለት ምንጭ ብቻ ቀራቸው፦ የሞት ምክንያት በሚጣራበት ግልጽ ችሎት የሚሰጠው የምስክርነት ቃልና የመንደር ወሬ። ችሎቱ በቀጠሮ ሲጓተት አንባቢው የሐኪሞቹን ቃል ሳይቀር በክፍል በክፍል ያገኝ ነበር። ወሬው ግን ሰው ጎዳ። ዘ ስታር «የቆዳ ሽርጥ» ስለተባለ ተጠርጣሪ ካናፈሰ በኋላ አይሁዳዊው ጫማ ሠሪ ጆን ፓይዘር ሴፕቴምበር 10 ተያዙ፤ በግድያዎቹ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበሩ ተረጋግጦ ተለቀቁ። በሃንበሪ ጎዳና ደግሞ የቻፕማን አስከሬን የተገኘበትን ጓሮ በመስኮት ለሚያይ ጎረቤቶች ገንዘብ ያስከፍሉ ነበር።

«ጃክ ዘ ሪፐር» የሚለው ስም የመጣው በደብዳቤ ነው። ሴፕቴምበር 25 የሚል ቀን የያዘው ባለ ቀይ ቀለም ደብዳቤ የተላከው ለፖሊስ ሳይሆን ለሴንትራል ኒውስ የዜና ወኪል ነው፤ ይህን አድራሻ መምረጥ የተራ ሰው ሥራ አይመስልም። ከፍተኛ ሹማምንት ቆይተው ጸሐፊው ጋዜጠኛ ነው ብለዋል። ፖሊስ የእጅ ጽሑፉን የሚያውቅ ይገኝ እንደሆነ ብሎ በኦክቶበር መጀመሪያ ቅጂውን ለጠፈ። ጽሑፉን ያወቀ አልተገኘም፤ ይልቁንም በዚያው ስም የተፈረሙ በመቶ የሚቆጠሩ የሐሰት ደብዳቤዎች ጎረፉ። በብራድፎርድ አንዲት የ21 ዓመት ወጣት በዚሁ ተከስሳለች። አንባቢው ራሱ የታሪኩ ተሳታፊ የሆነው ከዚህ ጀምሮ ነው።

የለንደን ፖሊስ ዋና መምሪያ ስኮትላንድ ያርድ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የኦክቶበር 19 የውስጥ ሪፖርት እንደሚያሳየው 80,000 በራሪ ወረቀት ተበትኗል፣ 2,000 ያህል የማደሪያ ቤት ተከራዮች ተጠይቀዋል፣ 80 ያህል ሰዎች ተይዘዋል፣ 76 ሥጋ ሻጮችና አራጆች ተመርምረዋል። የጣት አሻራ አሠራር ገና አልነበረም። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ቻርልስ ዋረን በጎልስተን ጎዳና የተገኘውን አይሁድን የሚጠቅስ የጠመኔ ጽሑፍ ፎቶ ሳይነሣ እንዲጠፋ ማዘዛቸው ያስወቅሳቸዋል፤ በአይሁድ ነዋሪዎች ላይ ሊነሣ የነበረውን ሁከት ማሰባቸው ግን ተገቢ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

20ኛው ክፍለ ዘመን በዋናነት የመጻሕፍትና የፊልም ዘመን ነው። በግድያዎቹ ቦታዎች የሚደረጉት የዛሬዎቹ የእግር ጉብኝቶች ዋና ችግር የሚታይ ነገር ማጣት ነው፦ ኒኮልስ የተገደለችበት ባክስ ሮው በ1892 ደርዋርድ ተብሏል፣ ስትራይድ የተገደለችበት በርነር ጎዳና ሄንሪክስ ሆኗል፣ የኬሊ ክፍል የነበረበት ሚለርስ ኮርት ፈርሷል። አስጎብኚው የሚሠራው በአሮጌ ፎቶና በአንደበቱ ነው። በ2015 በኬብል ጎዳና የተከፈተው የሪፐር ሙዚየም ፈቃድ ሲጠየቅለት የሴቶች ታሪክ ሙዚየም ይሆናል ተብሎ ስለነበር ተቃውሞ ገጥሞታል።

አንባቢውን በተመለከተ፣ አማንዳ ቪካሪና ክሪስ ፍሬሊ በ2010 ባሳተሙት ጥናት እውነተኛ የወንጀል መጻሕፍትን ይበልጥ የሚመርጡት ሴቶች ናቸው፤ በተለይ ተጠቂዋ ያመለጠችበትን ዘዴ ወይም የገዳዩን አእምሮ የሚያሳዩትን። ፒው የምርምር ማዕከል በ2023 ባወጣው መረጃም በአሜሪካ ከፖድካስት አድማጭ ሴቶች 44 በመቶው፣ ከአድማጭ ወንዶች ደግሞ 23 በመቶው የወንጀል ታሪክ አዘውትረው ይሰማሉ።

መዝገቡ አለመዘጋቱም ገበያውን ይደግፋል። የኤዶውስ ነው በተባለ ሻል ላይ የተሠራ የዲኤንኤ ምርመራ በ2019 በአንድ የፎረንሲክ ሳይንስ መጽሔት ወጥቶ ገዳዩ ታወቀ ተብሏል። የተመረመረው ግን ከእናት የሚወረሰውና ብዙ ሰዎች የሚጋሩት የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ነው፤ ይህ ተጠርጣሪን ነፃ ሊያወጣ ይችላል እንጂ አንድን ሰው ለይቶ አያሳይም። ፖሊስ በዚያ ሌሊት በመዘገበው የኤዶውስ ንብረት ዝርዝር ውስጥም ሻል የለም።