እንግሊዝ ውስጥ «ትሬዠር» የሚባለው የቱ ነው?

ሆክስን በምሥራቅ እንግሊዝ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ገበሬ እዚያ መዶሻ ጠፋበት። ወዳጁ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሊፈልግለት ወጣና ከ14,000 በላይ የሮማውያን ሳንቲም አገኘ። መዶሻውም ተገኝቷል።

እንዲህ ያለው ግኝት በሕግ «ትሬዠር»፣ ማለትም «ውድ ሀብት» ይባላል። ቃሉ ግን ያሳስታል፤ ውድ የሆነ ሁሉ ትሬዠር አይደለም። በ1996ቱ ሕግ መሠረት ዕቃው ከ300 ዓመት በላይ የቆየና ከክብደቱ ቢያንስ 10 በመቶው ወርቅ ወይም ብር መሆን አለበት። ሳንቲም ላይ ነገሩ ይለያል። ለብቻው የተገኘ አንድ የወርቅ ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም። ሁለት አብረው ከተገኙ ግን ይቆጠራሉ። የነሐስ ከሆኑ ደግሞ ቢያንስ 10 ያስፈልጋሉ። በ2023 ሕጉ ሰፋ ብሎ፣ ከ200 ዓመት በላይ የቆየና ለታሪክ የተለየ ፋይዳ ያለው፣ ከማንኛውም ዓይነት ብረታ ብረት የተሠራ ዕቃም ተጨመረ።

ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ለኮሮነር ያሳውቃል። አዎ፣ ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ባለሥልጣን! ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ይገመትና ክፍያው ብዙውን ጊዜ ለአግኚውና ለባለመሬቱ ይከፈላል።

የድሮው ሕግ ይብስ ነበር። የቀበረው ሰው ተመልሶ ሊያወጣው አስቦ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ካላሰበ ትሬዠር አይባልም። በ1939 ሰተን ሁ በተባለ የእንግሊዝ ስፍራ የተገኘው የመቃብር ወርቅ በዚህ ምክንያት ትሬዠር ሳይባል ቀረ። ለሟች የተቀበረን ማን ሊያወጣው ያስባል? ወርቁ ለባለመሬቷ ተፈረደ፤ እሷም ለብሪቲሽ ሙዚየም በነጻ ሰጠችው።