በፍሬን ፔዳል ሥር ስላለው ማብሪያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፊት ያለ መኪና ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ቀይ መብራት እንደሚበራ የማያውቅ አሽከርካሪ የለም። መብራቱን የሚያበራው ግን በፔዳሉ ዘንግ ላይ ወይም በፍሬን ዘይቱ መሥመር ላይ የተገጠመ፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ማብሪያ ነው። ስለዚህ ማብሪያ አጀማመርና አሠራር በጋራዥም ሆነ በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ብዙ ይነገራል፤ ከሚነገረውም ጥቂት የማይባለው ስህተት ወይም በግማሽ ብቻ እውነት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የፍሬን መብራትን የፈጠረችው የፊልም ተዋናይዋ ፍሎረንስ ሎውረንስ ናት»

ይህ አባባል በየጊዜው እየተቀባበለ የሚሠራጭ ሲሆን፣ ከእውነት የራቀው በአንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም «መብራት» የሚለው ነው። በካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ የተወለደችውና በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን በአሜሪካ ስሟ የገነነው ሎውረንስ መኪና እጅግ ትወድ ነበር። በ1914 አካባቢ ሁለት መሣሪያዎችን እንደሠራች ይታወቃል። አንደኛው አሽከርካሪው አዝራር ሲጫን በመኪናው ኋላ ከፍና ዝቅ እያለ የመታጠፊያ አቅጣጫን የሚያመለክት ክንድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ፍሬኑ ሲረገጥ ከኋላ ብቅ የሚል፣ «ቁም» የሚል ጽሑፍ የያዘ ሰሌዳ ነው። ስለዚህ ከኋላ የሚመጣው ሰው ያየው የነበረው ሰሌዳ እንጂ አምፖል አልነበረም፤ ጨለማ ሲሆንም ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሎውረንስ ለሥራዎቿ የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አላወጣችም። በ1917 ማረጋገጫ ያገኙት እናቷ ሻርሎት ብሪጅውድ ሲሆኑ፣ እርሱም በኤሌክትሪክ ለሚሠራ የመስታወት መጥረጊያ የተሰጠ ነበር። የእናትና የልጅ ሥራ መደባለቁ፣ ሰሌዳውም በኋላ ዘመን ወደ መብራት መለወጡ ታሪኩን እንዳጣመመው መገመት አያስቸግርም። በእኔ አስተያየት የሎውረንስ ሐሳብ ትልቅነት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ አሽከርካሪ መቆም ሲፈልግ እጁን በመስኮት አውጥቶ ወደ ታች ማመልከት ነበረበት፤ ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሰው ግን አንድ እጁን እንኳ ከመሪው ላይ አያነሳም። ምልክቱን ፔዳሉ ራሱ እንዲሰጥ ማድረግ ማለት፣ አሽከርካሪው በዚያች ቅጽበት ምንም ተጨማሪ ነገር እንዳያስብ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች ሁሉ የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

«መኪና የኤሌክትሪክ መብራት ካገኘ ጊዜ ጀምሮ የፍሬን መብራትም ነበረው»

ኤሌክትሪክ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ መታየት አለበት። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተርንና የኤሌክትሪክ መብራትን አጣምሮ ሲያቀርብ፣ ባትሪና ዲናሞ ያለው መኪና ምን እንደሚመስል አሳይቷል። በብዛት ይሸጥ የነበረው ፎርድ ሞዴል ቲ ግን በ1915 የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ሲያገኝ ባትሪ አልነበረውም። መብራቱ ኃይል ያገኝ የነበረው ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔቶ በቀጥታ ስለነበር፣ ሞተሩ ሲፈጥን ይደምቃል፣ ሲዘገይም ይደበዝዛል። ከእንዲህ ዓይነቱ ምንጭ የፍሬን መብራት ቢቀጠል ኖሮ፣ የመኪናው ፍጥነት እየቀነሰ በሄደ ቁጥር፣ ማለትም ምልክቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ መብራቱ እየፈዘዘ ይሄድ ነበር። ባትሪና የኤሌክትሪክ ማስነሻ ወደ ሞዴል ቲ የመጡት በ1919 ነው፤ እነዚህ ያልተገጠሙላቸው መኪኖች ከኋላ የያዙት በነጭ ጋዝ የሚነድ ፋኖስ ነበር።

በሞዴል ቲ ላይ ሌላም ችግር ነበር። መኪናው ሦስት ፔዳሎች ቢኖሩትም ዛሬ እንደምናውቃቸው አልነበሩም፤ የግራው ከባድና ቀላል ማርሽ ያቀያይራል፣ የመካከለኛው ወደ ኋላ ያስኬዳል፣ የቀኙ ፍሬን ነው፤ ነዳጅ የሚሰጠውም ከመሪው ሥር ባለ በእጅ በሚሳብ ዘንግ ነበር። የፍሬኑ ሸራ ያለቀበት አሽከርካሪ የመካከለኛውን ፔዳል ረግጦ መኪናውን ማቀዝቀዝ የተለመደ ነበር። እንዲህ ሲያደርግ በቀኙ ፔዳል ላይ የተገጠመ ማብሪያ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም። የ1928 ሞዴል ሆኖ የቀረበው ተከታዩ ሞዴል ኤ ግን ባትሪና የተለመደውን የፔዳል አደራደር ይዞ ስለመጣ፣ ከፍሬኑ ዘንግ ጋር የተያያዘ ማብሪያና የፍሬን መብራት ከፋብሪካው ይዞ ለመውጣት በቃ።

«የፍሬን መብራት መኪናው መቆሙን ይናገራል»

መብራቱ የሚናገረው ማብሪያው የነገረውን ብቻ ነው፤ ማብሪያው ደግሞ ከሁለት ነገሮች አንዱን ብቻ ያውቃል።

የመጀመሪያዎቹ ማብሪያዎች ያውቁ የነበረው የፔዳሉን እንቅስቃሴ ነው። በ1920ዎቹ ለነበረው መኪና ባለቤት መብራቱ፣ ሽቦውና ማብሪያው አንድ ላይ ይሸጥለት ነበር። ማብሪያውን በመኪናው አካል ላይ ያስርና ከፍሬኑ ዘንግ ጋር በአጭር ሰንሰለት ወይም በሽቦ ያገናኘዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰንሰለቱ በማብሪያው ውስጥ ያለውን ቀጭን በትር ይስባል፣ በበትሩ ጫፍ ያለው የመዳብ ሳህን ሁለቱን ኮንታክቶች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መነካኪያዎች፣ ያገናኛል፣ መብራቱም ይበራል። ፔዳሉ ሲለቀቅ ሞላው በትሩን ወደ ቦታው ይመልሳል። ሰንሰለቱ ከላላ መብራቱ ዘግይቶ ይበራል፤ ከጠበቀ ደግሞ ፔዳሉ ሳይነካም እንደበራ ይቀራል። የፍሬኑ ዘንግ በተስተካከለ ቁጥር የሰንሰለቱም ርዝመት እንደገና መስተካከል ነበረበት፤ ይህን የሚረሳ መካኒክ ብዙ እንደነበር አልጠራጠርም።

በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ሲመጣ ማብሪያው የሚያውቀው ነገር ተለወጠ። ዱሰንበርግ በ1921 ለአራቱም ጎማዎች የዘይት ፍሬን ገጥሞ ካቀረበ በኋላ ይህ አሠራር ቀስ በቀስ ተስፋፋ፤ የመብራቱንም ማብሪያ ከፔዳሉ አንስቶ በዘይቱ መሥመር ላይ መግጠም ተቻለ። በውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ግፊት ሲያርፍበት ወደፊት ይገፋና ኮንታክቶቹን ያገናኛል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት የቆየችው፣ «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራው ቮልስዋገን ቢትል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ የዘይት ፍሬን ባላቸው ቮልሶች ላይ ማብሪያው ፔዳሉ ሲረገጥ የዘይቱን ግፊት በሚፈጥረው የፍሬን ማስተር ላይ በቀጥታ ተጠምዝዞ ይታሰራል። በዚህም ምክንያት የተበላሸውን ለመቀየር ሲፈታ ዘይት ይፈስሳል፣ አየርም ሊገባ ስለሚችል ከፍሬኑ መሥመር አየሩን ማስወጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ልዩነቱ በተግባር ከፍተኛ ነው። የፍሬን ዘይቱ ፈስሶ ባለቀበት መኪና ላይ በፔዳሉ የሚሠራው ማብሪያ መብራቱን ያበራል፤ ከኋላ ያለው ሰው «ሊቆም ነው» ብሎ ያስባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በዚያው መኪና ላይ በግፊት የሚሠራው ቢሆን ኖሮ ግፊት ስለሌለ መብራቱ አይበራም። በሌላ በኩል የግፊቱ ማብሪያ የተወሰነ ግፊት እስኪያገኝ ስለሚጠብቅ፣ እግሩን በፔዳሉ ላይ በቀስታ የሚያሳርፍ አሽከርካሪ መኪናውን ትንሽ እያቀዘቀዘ መብራቱ ላይበራ ይችላል። የኋለኞቹ መኪኖች ማብሪያውን መልሰው ወደ ፔዳሉ ያመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በየትኛውም ዓይነት ቢሆን ግን በማርሽ ወይም በእጅ ፍሬን መኪናውን የሚያቀዘቅዝ ሰው የፍሬን መብራት አያበራም።

«ፔዳሉ ሲረገጥ ማብሪያውን ይጫነዋል»

በብዙ መኪኖች ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ፔዳሉ በቦታው ሲያርፍ የማብሪያውን ፒን ተጭኖ ይይዘዋል፣ መብራቱም ይጠፋል፤ ሲረገጥ ከፒኑ ይርቃል፣ ሞላው ፒኑን ይገፋና መብራቱ ይበራል። ይህን የማያውቅ ሰው የፍሬን መብራቱ አልጠፋ ሲለው ማብሪያው ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን የወደቀው በፔዳሉና በፒኑ መካከል ያለችው ትንሽ ላስቲክ ናት።

«6 ቮልት አነስተኛ ስለሆነ ለማብሪያው ይቀልለዋል»

አሮጌ መኪና ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይህ አስተሳሰብ ብዙ ነው፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። በ6 ቮልት ዘመን የነበሩት ቮልሶች ሁለት ባለ 18 ዋት የፍሬን አምፖሎች ነበሯቸው። 36 ዋት ለ6 ቮልት ሲካፈል በማብሪያው ውስጥ 6 አምፔር ያልፋል ማለት ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ ያሉ ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች ግን ብርሃናቸው ቢበልጥም የሚፈልጉት 3.5 አምፔር ብቻ ነው። ኮንታክቱን የሚያቃጥለው በሚለያይበት ቅጽበት የሚፈጠረው ብልጭታ ሲሆን፣ እርሱም ከአምፔሩ ጋር ይጨምራል።

ሌላም ጉዳት አለ። በዝገት ምክንያት ማብሪያው ላይ ግማሽ ቮልት ብቻ ቢጠፋ ከ12 ቮልት ላይ ትንሽ ነገር ነው፤ ከ6 ቮልት ላይ ግን 8 በመቶ ይሆናል። የአምፖል ብርሃን ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ስለሚወርድ ይህ 8 በመቶ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉን ይወስዳል። «የአሮጌ መኪና መብራት ድሮም ደካማ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ድክመት፣ ኮንታክቱ ሲጸዳ ወይም ማብሪያው ሲቀየር አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

«የፍሬን መብራት ከጥንት ጀምሮ ቀይ እና ጥንድ ነበር»

ሁለቱም ስህተት ነው። ለረጅም ጊዜ አንድ ወጥ ደንብ ስላልነበረ ቢጫም ቀይም ይገጠም ነበር፤ በአንዳንዶቹም መስታወቱ ላይ «ቁም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎ መብራቱ ሲበራ ይነበባል። ቁጥሩን በተመለከተም እስከ 1952 መገባደጃ የተሠሩት ቮልሶች የነበራቸው አንድ የፍሬን መብራት ብቻ ነው፤ እርሱም ከሞተሩ ክዳን መካከል ላይ፣ ከታርጋው መብራት ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግራና ቀኙ የኋላ መብራቶች የሄደው። በአሜሪካ ከ1986 ሞዴሎች ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ በመካከል፣ ከፍ ብሎ የሚገጠም ሦስተኛ የፍሬን መብራት በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ብዙዎች ያለ አቻ አዲስ ነገር አድርገው ተቀበሉት።

«ፍሬቻ ከፍሬን መብራት ይቀድማል»

አይቀድምም። ብልጭ ድርግም የሚል ፍሬቻን ከፋብሪካ ገጥሞ በማቅረብ በአሜሪካ ቀዳሚ የሆነው ቢዩክ ይህን ያደረገው በ1939 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የፍሬን መብራት ከአሥር ዓመት በላይ የተለመደ ነበር። ቮልስም በአሜሪካ እስከ 1955፣ በአውሮፓ ደግሞ እስከ 1960 አቅጣጫ የምታሳየው ከጎኗ በሚወጣ ባለ መብራት ክንድ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል፤ የፍሬን መብራት የሚያስፈልገው ፔዳሉ ላይ የሚያዝ አንድ ማብሪያ ብቻ ነው፣ ፍሬቻ ግን ብልጭታውን የሚቆጣጠር መሣሪያና አሽከርካሪው በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ለብቻው የሆነ ማብሪያ ይፈልጋል።

«በእግር የሚሠራ የመብራት ማብሪያ ማለት የፍሬኑ ብቻ ነው፤ ሌላው የጥንት ነገር ነው»

ከፍሪሲዮኑ በስተግራ፣ በመኪናው ወለል ላይ ትገኝ የነበረችውን ክብ አዝራር ያዩ ሰዎች ይህን አይሉም። አዝራሯ ረጅም መብራትን ወደ አጭር፣ አጭርንም ወደ ረጅም ትለውጣለች። ከመምጣቷ በፊት ሥራው አድካሚ ነበር፤ በ1915 በአሜሪካ የቀረበ አንድ የአጭር መብራት ዓይነት አሽከርካሪው ከመኪናው ወርዶ መብራቱን በእጁ እንዲያስተካክል ያስገድደው ነበር። የወለሏ አዝራር በ1927 ስትመጣ እጅ ከመሪው ሳይነሳ፣ ከፊት ለሚመጣው መኪና ብርሃንን መቀነስ ተቻለ።

አሠራሯ ከፍሬኑ ማብሪያ በአንድ ዋና ነገር ይለያል። የፍሬኑ ማብሪያ እግር ሲነሳ የነበረውን ሁሉ ይረሳል፤ የወለሏ ግን ታስታውሳለች። በውስጧ ያለው ጥርስ ያለው ጎማ በእያንዳንዱ እርግጫ አንድ እርምጃ ይዞርና ኮንታክቱን ከአንዱ መሥመር ወደ ሌላው ያሸጋግራል፣ አዝራሯ ብቻ በሞላ ወደ ላይ ትመለሳለች። ጠላቷ ከጫማ የሚረግፈው ጭቃና ውሃ ነበር፤ ወለሉ ላይ ስለተቀመጠች ሁሉም ወደ እርሷ ይወርዳል።

የጥንት ነገር ናት የሚለውም አያስኬድም። ቮልስ ላይ እስከ 1965 ድረስ ነበረች፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ሥራዋ ወደ ፍሬቻው ማንሻ ተዛወረ። አሜሪካውያን ግን ከዚያም በኋላ አልተዋትም፤ የፎርድ ኤፍ ተከታታይ ፒክ አፖች እስከ 1991 ድረስ ይዘዋት ወጥተዋል።