ናይል ፐርች የት የት አገር በቀል ነው?

በጾም ወቅት በፒያሳ ምግብ ቤቶች የዓሣ ጉላሽ ቀርቦ ናይል ፐርች የሚለው ስም ሲነሳ፣ ብዙ ሰው ዓሣው ዓባይ በደረሰበት ሁሉ ያለ ይመስለዋል። አንድ ዓሣ አገር በቀል የሚባለው ግን ሰው ሳያጓጉዘው በራሱ በደረሰበት የውኃ ተፋሰስ ነው። በዚህ መመዘኛ ናይል ፐርች በባሮ፣ በኦሞ፣ በታችኛው ዓባይ እንዲሁም በአባያና በጫሞ ሐይቆች አገር በቀል ሲሆን፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ባለው በጣና ሐይቅ ግን የለም፤ 40 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል ሽቅብ ሊወጣው አይችልምና። የአዲስ አበባን ወንዞች በአቃቂ በኩል የሚቀበለው አዋሽም ሌላ ተፋሰስ በመሆኑ የዚህ ዓሣ አገር አይደለም። ይበልጥ የሚያደናግረው የቪክቶሪያ ሐይቅ ነው፦ ከነጭ ዓባይ ጋር የተያያዘ ቢሆንም፣ መርቺሰን ፏፏቴ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ዓሣው የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሰው እጅ ነው። ስለዚህ እዚያ መጤ ይባላል፤ የሐይቁን ትንንሽ ዓሦችም ክፉኛ ፈጅቷል።

በተፋሰሱ ውስጥም ቢሆን በሁሉም ቦታ አይኖርም። እስከ 2 ሜትር የሚረዝምና ሌሎች ዓሦችን የሚበላ በመሆኑ ሰፊና ጥልቅ ውኃ ይፈልጋል፤ ጫጩቶቹ ግን ሣር ያለበትን ዳርቻ ተጠግተው ያድጋሉ። የኦክስጅን እጥረትን እምብዛም ስለማይቋቋም፣ በባሮ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች ከላይ አየር መሳብ ለሚችለው ለአምባዛ ሲመቹ፣ ናይል ፐርች ዋናውን ወንዝ ይመርጣል።