«ኖት» ምንድን ነው? መርከብ ፍጥነቱን በቋጠሮ የሚቆጥረው ለምንድን ነው?

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም የወደብ ወሬ አይጠፋባትም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ እዚህ ከደረሰ ወዲህ ሰውም ዕቃም ይመላለሳል። ሰሞኑን ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ጎረቤቴ፣ ሻይ እየጠጣን «መርከቡ በሰዓት 20 ኖት ይሄዳል» አለኝ። አጠገባችን የነበረው ልጁ ግራ ገባው። እሱ የሚያውቀው የብር ኖት ነው።

ይሄኛው ኖት ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቋጠሮ ነው። የምር የገመድ ቋጠሮ!

መኪና ስትነዳ የኪሎ ሜትር ድንጋዩን አይተህ ስንት እንደሄድክ ታውቃለህ። ባሕር መሐል ግን በየትም ብትዞር ውሃ ነው። የጥንት መርከበኞች ታዲያ ግሩም መላ ዘየዱ። ረጅም ገመድ በየ14.4 ሜትሩ ይቋጥራሉ። ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን ሳንቃ ያስራሉ። የሳንቃው አንድ ጠርዝ ክብደት ስለሚደረግበት ውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከኋላ ሲጣል እሱ እዚያው ይቀራል፤ መርከቡ ይሄዳል፤ ገመዱም ከጥቅልሉ ይተረተራል። አንዱ ሰው በ28 ሰከንድ የሚያልቅ የአሸዋ ሰዓት ይዟል። ሌላው በእጁ የሚያልፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥራል። አምስት ካለፉ፣ ፍጥነቱ 5 ኖት ነው። አለቀ።

እስቲ እዚህ ድሬዳዋ፣ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር ዛፎች ሥር፣ ባጃጅ ላይ ተቀምጠህ ያንኑ ገመድ ከኋላ እንደለቀቅክ አስብ። ባጃጇ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ፣ በ28 ሰከንድ 16 ቋጠሮ በእጅህ ያልፋል።

1 ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል መሄድ ነው። የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው፤ ልኩ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ሞናኮ በተደረገ ጉባኤ ነው። ቁጥሩ ያልተስተካከለው ከምድር ክብነት ስለተወሰደ ነው። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስንሄድ አንዱ ዲግሪ በ60 ደቂቃ ይከፈላል (ይህ ደቂቃ የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ ክፋይ ነው)፤ አንዷ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ያህል ናት። ይህን በጣም እወደዋለሁ። ድሬዳዋ 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን ገደማ ላይ ናት። 9 በ60 አባዛ፣ 36 ደምር፦ 576። ከምድር ወገብ የምንርቀው ያን ያህል የባሕር ማይል ነው። ካርታና ቁጥር ብቻ ይዞ ርቀት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው። አውሮፕላን አብራሪዎችም በዚሁ ይሠራሉ፤ እዚህ ድሬ የሚያርፍ አብራሪ የነፋሱ ፍጥነት የሚነገረው በኖት ነው።

ጎረቤቴን አንድ ነገር አርሜዋለሁ፤ «በሰዓት» ማለት አያስፈልግም። ሰዓቱ ኖት ውስጥ አለ። «20 ኖት» ይበቃል።

20 ኖት በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ «ይሄማ የባጃጅ ፍጥነት ነው!» አለ። ልክ ነው፤ ግን መርከብ ሌሊትም አይቆምም። በ24 ሰዓት 480 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 889 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።