አዳሪ ትምህርት ቤት መሥራት፦ ከኮተቤ እስከ አልፕስ

አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪው የሚማርበት ብቻ ሳይሆን የሚበላበት፣ የሚተኛበትና የሚያድግበት ቤት ነው። ቃሉ የመጣው ከማደር ነው። ማደር ደግሞ በአማርኛ ሌላም ትርጉም አለው። ድሮ ሰው ለጌታ ያድር ነበር። ዛሬም “ለሆዱ ያደረ” ተብሎ ይሰደባል። እዚህ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው በሁለቱም በኩል አዳሪ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ያድራል፣ ለልጆቹም ያድራል። አንዲት ጓደኛዬ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ሠርታ ከተመለሰች ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃታል። መጀመሪያ ስለ ደመወዙ፣ ቀጥሎ ስለ በረዶው። ስለ ሌሊቱ የጠየቃት የለም። ሥራው ግን ሌሊቱ ነው።

እኛ የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። ከአዲስ አበባ ዳር ሆኖ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት ማውራት እንግዳ ነገር አይደለም። የአገራችን ታዋቂ አዳሪ ቤቶች የተተከሉት በዚህችው ከተማ ዳር ዳር ነው። ዛሬ ኮተቤ ስንል ትዝ የሚለን “ካራ፣ ካራ!” የሚለው የታክሲ ረዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እዚያ ሲከፈት ግን ቦታው ከከተማ የወጣ ሜዳ ነበር። ጣልያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። የተማረ ሰው ጠፍቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጸሐፊና አስተርጓሚ ይፈልጋል። ስለዚህ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ከየጠቅላይ ግዛቱ እየተለቀሙ መጡ። ዘመድ የሌለው ልጅ የት ይደር? አዳሪ መሆኑ ምርጫ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ጀነራል ዊንጌት በጉለሌ በኩል ተከፈተ። ያቋቋመው የብሪታንያ የባህል ምክር ቤት ነው። ስሙም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሯቸው ከተዋጋው መኮንን ከኦርድ ዊንጌት የተወሰደ ነው። በዚያው ዓመት ሚሲዮናውያን ለራሳቸው ልጆች ቢንግሃም አካዳሚን ጀመሩ፤ እሱም በምዕራቡ ዳር ነው። ከሁሉ ቀድሞ ግን ተፈሪ መኰንን ነበር፤ ከ1925 ጀምሮ። እዚያ ከ1945 ወዲህ አስተዳደሩን የያዙት ከኩቤክ የመጡ የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው። መሪያቸው ሉሲየን ማት በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን አቋቁመዋል። እነዚህ አባቶች ያደጉት በረዶ ግማሽ ዓመት በሚተኛበት አገር ነው። እዚህ ያገኙት ደግሞ የጥር ፀሐይና የሐምሌ ጭቃ ነበር።

ለምን ዳር ላይ? መሬቱ ሰፊ ነው፤ የከተማ ወሬ አይሰማም። ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ልጁ ቢጠፋ እንኳ በእግሩ ሩቅ አይደርስም።

ከነዚህ ሁሉ በፊት የቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት እንደነበረ አይዘነጋም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ጎጆ ቀልሶ ይማራል። የኔታም እዚያው ናቸው። የዕረፍት ቀን የሚባል ነገር የለም፤ እሁድ ቢመጣ ቅዳሴ ነው። ቅዳሜና እሁድን ለመምህሩ ያመጡለት ፈረንጆቹ ናቸው ማለት ይቻላል።

እነሱም ተጠቅመውበታል። ለእንግሊዙ መምህር ጉለሌ ውጭ አገር ነበር። በ1962 የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጡ፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ270 የሚበልጡ አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ። ለነሱም እንዲሁ። ቅዳሜ ሲደርስ የሚወጣበት ቦታ አልጠፋም። እንጦጦ በእግር ይወጣል፤ ወደ 3,200 ሜትር ነው። መናገሻ ሱባ ጫካ አለ፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ችግኙን ከሸዋ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሳተ ገሞራ ቆፍሮ ያስቀመጣቸው ሐይቆች አሉ። ራቅ ያለ ሲያምር ፍል ውኃው ሶደሬ፣ ከዚያም ላንጋኖ። ዛሬም የአዲስ አበባ ሰው ዊኬንድ ከዚህ ዝርዝር ብዙ አይወጣም። የተጨመረው ወንጪና በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ነው።

አሁን መንገዱ ከእኛ ወደ ፈረንጅ አገርም ሆኗል። ከእኛ ሰፈር የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፤ ቢሆንም አሉ።

የስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ሌ ሮዜ በ1880 ተመሠረተ። ዋናው ግቢ ከጄኔቭ ሐይቅ ዳር፣ ሮል ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ግን ትምህርት ቤቱ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ተራራው፣ ወደ ግሽታድ ይወጣል። ቆላና ደጋ እያፈራረቀ እንደሚኖር ባለ ከብት ማለት ነው። ኤግሎን በ1949 ቪላር አጠገብ ተከፈተ። በምሥራቅ በኩል ዙኦዝ ላይ ያለው ሊሴዩም አልፒኑም ደግሞ ከ1904 ጀምሮ አለ።

ከሁሉ የምትገርመኝ ሌዛን ናት። ይህች መንደር የታወቀችው በሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት የአውሮፓ ሕመምተኛ ሁሉ ፀሐይና ንጹሕ አየር ፍለጋ እዚያ ይወጣ ነበር፤ በረንዳ ላይ ተኝቶ ይውላል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሕመምተኛው ቀረ፣ ትልልቁ ሕንፃ ባዶውን ቆመ። ሆቴልና ትምህርት ቤት የገባው ያኔ ነው። የእኛም ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ የሳንባ ነቀርሳው፣ ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። ተራራ ያድናል የሚለው ሐሳብ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ወደ ሥራው እንምጣ። አዳሪ ቤት የሚሠራ ሰው ወይ መምህር ነው፣ ወይ የማደሪያ ኃላፊ፣ ወይ ሁለቱንም። ወጣት ረዳቶችም ይቀጠራሉ፤ ደመወዛቸው አነስ ይላል፣ መኝታና ምግብ ግን ከትምህርት ቤቱ ነው። ጓደኛዬ የማደሪያ ረዳት ነበረች። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በር እያንኳኳች ትቀሰቅሳለች። የታመመውን ወደ ክሊኒክ፣ ታምሜያለሁ የሚለውን ወደ ቁርስ። ቀን ላይ ትንሽ ትተነፍሳለች። ማታ የጥናት ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ ስልክ ይሰበሰባል። ስልኩን ደብቆ የድሮውን የተሰበረ ስልክ የሚያስረክብ ልጅ የትም አለ። 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። እሷ ግን ገና ነች።

አንድ ሌሊት በሯ ተንኳኳ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ገና በገባ በሳምንቱ። ቤቱ ናፍቆታል። አባቱ ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ በዚያ ሰዓት ግን ልጁ በካልሲ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነው። “በእንግሊዝኛ የምለው ጠፋኝ፤ አይዞህ አልኩት” አለችኝ። ቀረፋ ሻይ አፈላችለት። ብስኩቱን ጨርሶ ተኛ። በማግስቱ ቁርስ ላይ ሲያያት “አይዞህ!” አላት። ስሟ መስሎታል። ትምህርቱ እስኪዘጋ ልጆቹ በዚያው ጠሯት።

ቅዳሜና እሁድም ሁሌ የራስ አይደለም፤ ተረኛነት አለ። ተረኛ ያልሆነ ሰው ግን ነፃ ነው። ተራራው በር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያጥረዋል። ከሰማይ እየተንኳኳ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በረዶ ነው የምንለው። አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ እሱም ለሌሊት ውርጭ ይቀርባል። ስኪውን የበረዶ ላይ ሸርተቴ ማለት ለምደናል፤ እኔ ወድጄዋለሁ። ወቅቱም የተገላቢጦሽ ነው። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ።

መሣሪያው ይከራያል፤ ለጀማሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ጫማው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ቁርጭምጭሚት አያላውስም። ጓደኛዬ በኋላ ያገለገለ ጥንድ ገዝታ ይዛው ስትመጣ እናቷ አገላብጠው አዩትና “ልጄ፣ ይሄ ጫማ ነው ወይስ እግር ብረት?” አሉ። ቁልቁለቱ በቀለም ይለያል፤ ሰማያዊው ቀላል፣ ቀዩ መካከለኛ፣ ጥቁሩ ከባድ። ጀማሪ የሚማረው መቆምን ነው። የሸርተቴዎቹን ጫፍ ከፊት ያቀራርባል፣ ኋላቸውን ይከፍታል፤ የፒዛ ቁራሽ ቅርጽ ይሠራል። አስተማሪዎቹ ለሕፃናቱ የሚጮኹት “ፒዛ! ፒዛ!” እያሉ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እያፏጨ ሲያልፍህ አንተ በቂጥህ ትወርዳለህ። ይህን ያልቀመሰ የለም።

አንድ ነገር ግን ለእኛ ይቀላል፤ ትንፋሽ። ቪላር 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከላይዋ ያለው የሸርተቴ ጫፍ ግራን ሻሞሴር 2,100 ሜትር ቢሆን ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። ጓደኛዬ አልፕስን ወጣሁ ብላ ፎቶ ስትልክ ከእናቷ ጓሮ ዝቅ ብላ ነበር። በረዶ የማናየው ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ እንጂ ከፍታ አንሶን አይደለም።

አደጋውን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። የበረዶ ናዳ ስጋት በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ባለ ደረጃ ይነገራል፤ ከተከለለው መስመር መውጣት ለጀማሪ ሞኝነት ነው። የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሩ ሬጋ ይባላል፣ ስልኩ 1414 ነው። ደስ የሚለው፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ ለአንድ ቀጣሪ በሳምንት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት አደጋም በሕግ ዋስትና አለው። እሁድ ሸርተቴ ላይ እግሩ ቢሰበር ይታከማል ማለት ነው። የሕመም ዋስትናው ግን ሌላ ነው፤ ከገቡ በሦስት ወር ውስጥ በራስ ስም መግባት ግዴታ ነው፣ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያይ ይደነግጣል።

በረዶ ያልወደደ ይጓዛል። የግማሽ ዋጋ ካርድ የሚባል አለ፤ ዓመቱን ሙሉ አብዛኛውን የባቡር ቲኬት በግማሽ ያስገዛል። ከሌዛን ባለ ጥርስ ሐዲዱ ባቡር ወደ ኤግል ያወርዳል፤ ከዚያ ሞንትሮ፣ ሎዛን፣ ጄኔቭ። ጄኔቭ እንጀራ አይጠፋም። በሌላው አቅጣጫ በሲምፕሎን ዋሻ አልፎ ጣልያን ይገባል። የስዊዘርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መዘዋወር ይችላል።

ፈቃዱን ማግኘት ነው ጣጣው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ሠራተኛ ቀጣሪው ለቦታው የሚሆን ሰው ከአገር ውስጥም ከአውሮፓ ኅብረትም እንዳጣ ማሳየት አለበት። ኮታም አለ፤ በቅርብ ዓመታት ለእነዚህ ሁሉ ሠራተኞች በዓመት 8,500 ፈቃድ ሲመደብ ቆይቷል። ዲግሪ፣ ቋንቋና ከልጆች ጋር የሠሩበት ልምድ ይጠየቃል። ከወንጀል ነፃ ማስረጃውን ለማውጣት፣ ለማስተርጎምና ለማረጋገጥ እዚህ ቢሮ ለቢሮ መዞር ይጠብቃል። ትምህርት ቤቶቹ ክፍት ቦታ የሚያወጡት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ “ገንዘብ ካመጣህ አስቀጥርሃለሁ” የሚል ደላላ ካጋጠመ ሰላም ብሎ ማለፍ ነው።

አዳሪ ትምህርት ቤትና ሸርተቴ ለኢትዮጵያ ያፈሩት አንድ ታዋቂ ሰው አለ፤ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ፤ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሸርተቴ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ። በክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ መጀመሪያ ያስገባው እሱ ነው።

ጓደኛዬ አሁን ሱሉልታ ተመልሳ ተመላላሽ ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ማታ ቤቷ ታድራለች። ባለፈው ነሐሴ በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ቆይቶ ሲያባራ አብረን ወጣን። የሰፈሩ ልጆች ቢጫ ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ተቀምጠውበት፣ በራሰው ሣር ላይ ከዳገቱ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። አንዱ ወደ አጥሩ ሲበር አየችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ “ፒዛ! ፒዛ!” ብላ ጮኸች። ልጁ አጥሩ ሥር ተገልብጦ ተነሣ። ጭቃውን አራገፈና ወደ እሷ መጣ።

“የታለ ፒዛው?”