«ሰውዬው ሰነፍ ነው» እና ሌሎች የማንጋ ወሬዎች

የምተዳደረው ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል በመሥራት ነው። ትርፍ ሰዓቴን ደግሞ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ይበላዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚያነሳው ነገር አንድ ነው፦ «ይሄ ሀንተር ኤክስ ሀንተር የሚባለው የማያልቀው ለምንድን ነው? ሰውዬው ሰነፍ ነው አይደል?» ኧረ አይደለም! ላገኘሁት ሁሉ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ደራሲው ሰነፍ ነው»

ዮሺሂሮ ቶጋሺ ይህን ማንጋ በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ የጀመረው በ1998 ነው። በ2024 መጨረሻ ምዕራፍ 410 ላይ ደርሶ ነበር። ከ2018 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 2022 ድረስ አንድም አዲስ ምዕራፍ አልወጣም። እስከዚህ ያለውን ማንም ይነግራችኋል። ከጀርባው ያለውን ግን የሚያወራ የለም።

ሳምንታዊ ማንጋ ማለት በሰባት ቀን 19 ገጽ ገደማ መሥራት ነው። አንድ ገጽ ደግሞ አንድ ሥዕል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ሳጥን አለው። መጀመሪያ ታሪኩ ይታሰባል። ከዚያ ገጽ በገጽ በሻካራ ንድፍ ተደርድሮ ለአርታኢ ይቀርባል። አርታኢው ካልጣመው ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ካለፈ በእርሳስ ይሣላል፣ ቀጥሎ በጥቁር ቀለም። ሕንጻውን፣ ዛፉን፣ ጥላውን ረዳት ሰዓሊዎች ያግዛሉ። ያ ምዕራፍ ገና ሳይታተም የሚቀጥለው ይጀመራል። የቴሌቪዥን ድራማ ሲዝን አለው፤ ሲዝኑ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እዚህ ሲዝን የሚባል ነገር የለም። መጽሔቱ በዓመት ውስጥ በበዓላት ምክንያት የማይወጣባቸው ጥቂት ሳምንታት አሉ፤ በቃ።

ቶጋሺ ከዚህ በፊትም ዩ ዩ ሀኩሾ የሚባል ተወዳጅ ሥራ ነበረው። በ1994 ገና ተፈላጊ ሳለ በራሱ ውሳኔ ዘጋው፤ ጤናውም መንፈሱም አልቆ ነበር። ሀንተር ላይ ደግሞ ወገቡ ከዳው። በ2022 ሲመለስ ለአንባቢዎቹ የነገራቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሣል እንዳልቻለ ነው። የለመደውን አሠራር ትቶ ነው እንደገና መሥራት የቻለው። ያን ሰሞን ትዊተር ከፍቶ የገጾቹን ጥግ ብቻ ፎቶ እያነሳ ይለጥፍ ጀመር። ሚሊዮኖች ተከተሉት። የወረቀት ጥግ ለማየት!

የወገብን ነገር የደረሰበት ያውቀዋል። እኔ አንድ መጽሐፍ ለማድረስ ተጎንብሼ ስሣል ከርሜ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ፣ ቀጥሎ ፊዚዮቴራፒ። ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ እህቴ ነበረች። ያውም ለአንድ ቀጭን መጽሐፍ፣ ያውም ወራት ተሰጥቶኝ። ስለዚህ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በስልኩ የሚያነብ ልጅ፣ ያውም ከቴሌግራም በነፃ ያወረደውን፣ «ሰነፍ» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ጉዳዩ የአንድ ሰው ወገብ ብቻ አይደለም። ዋን ፒስ የሚባለው ማንጋ ደራሲ ኤይቺሮ ኦዳ በ2023 ለዓይን ቀዶ ሕክምና አራት ሳምንት ማቆም ነበረበት። በርሰርክ የሚባለውን ማንጋ በ1989 የጀመረው ኬንታሮ ሚዩራ በሜይ 2021 በ54 ዓመቱ ዋናው የደም ቧንቧው ተሰንጥቆ አረፈ፤ ታሪኩም ሳይቋጭ ቀረ። ሥራው ገደለው አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን እባካችሁ ደራሲ እረፍት ሲወስድ አትሳደቡ። እናንተም በሥዕል ወይም ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣችሁ በመሥራት የምትኖሩ ከሆነ በየመሀሉ ተነሱ፣ ተንጠራሩ፣ ወንበራችሁን አስተካክሉ። ትራስ ደርቦ መቀመጥ መፍትሔ አይደለም፤ ሞክሬዋለሁ።

«ረጅም ከሆነ ዘግይቷል ማለት ነው»

እዚህ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ይደባለቃሉ። ዋን ፒስ የተጀመረው በ1997 ነው፤ ከሀንተር በአንድ ዓመት ብቻ ይቀድማል፤ መጽሔቱም አንድ ነው። ነገር ግን ዋን ፒስ ከ1,100 ምዕራፍ አልፏል። ኦዳ ቀርፋፋ ነው የሚል ሰው መቁጠር አይችልም። አንዱ የረዘመው ስለሚቆም ነው፤ ሌላው የረዘመው ስለማይቆም ነው።

ኦዳ ሲጀምር በአምስት ዓመት ገደማ ለመጨረስ ነበር ያሰበው። ታዲያ ምን ሆነ? መልሱ ያለው መጽሔቱ አሠራር ውስጥ ነው። ጃምፕ ከእያንዳንዱ እትም ጋር ለአንባቢ የድምፅ መስጫ ካርድ ያወጣል፤ አንባቢ የወደዳቸውን ሦስት ሥራዎች መርጦ ይልካል። ድምፅ ያጣ ሥራ በጥቂት ወራት ውስጥ ይቆረጣል። ጀማሪ ደራሲ ይህን ስለሚያውቅ መቶ ቅጽ አያቅድም። የሚያቅደው የመጪዎቹን አሥር ሳምንታት ነው፤ በየምዕራፉ መጨረሻ አንባቢን አንጠልጥሎ ይተዋል። ታሪኩ ከተወደደ ደግሞ ያንን ለአሥር ሳምንት የታሰበ ዓለም ማስፋት ይጀመራል። አዲስ ደሴት፣ አዲስ ጠላት፣ አዲስ ምሥጢር ይመጣል። አንዴ የተከፈተ ምሥጢር ደግሞ ካልተዘጋ አንባቢ አይለቅም። ስለዚህ «መጨረሻውን ከመጀመሪያው ያውቁታል» የሚባለውም በከፊል ብቻ ነው እውነቱ። መድረሻውን የሚያውቅ ደራሲ አለ። መንገዱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ግን የለም።

«ገንዘብ ለመብላት ነው የሚያስረዝሙት»

ይሄኛው ትንሽ እውነት አለው፤ አልክድም። የሚሸጥ ሥራ እንዲቆም የሚቸኩል አሳታሚ አላየሁም። ግን ዲሞን ስሌየር በሚባለው ማንጋ አትከራከሩኝም። በ2016 ተጀምሮ በሜይ 2020 በ23 ቅጽ አለቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው ፊልሙ በጃፓን ሲኒማ ታሪክ ከፍተኛውን ገቢ አስገባ። ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ማን ይዘጋ ነበር?

ደራሲው ኪስ የሚገባውም እንደሚወራው አይደለም። መጽሔቱ በገጽ ይከፍላል። ከዚያ ላይ የረዳቶቹን ደመወዝ የሚከፍለው ራሱ ደራሲው ነው። ትርፉ የሚመጣው ምዕራፎቹ ተሰብስበው በቅጽ ሲሸጡ ነው፤ የተለመደው ድርሻ ከሽያጩ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ሥራቸው ቶሎ የሚቆረጥባቸው ደራሲዎች ከዚያም የሚያገኙት ጥቂት ነው።

«ሌላ ሰው ቀጥረው ለምን አይጨርሱትም?»

የሚቻልበት አለ። ጎልጎ 13 የሚባለው ማንጋ ከ1968 ጀምሮ እየወጣ ነው። ደራሲው ታካኦ ሳይቶ ከመጀመሪያውም ሥራውን በቡድን ከፋፍሎ ያደራጀ ሰው ስለነበር በ2021 ሲያርፍ ቡድኑ በሳይቶ ፈቃድ ቀጠለ። በርሰርክም ከጁን 2022 ጀምሮ ቀጥሏል። ሚዩራ መጨረሻውን ከዓመታት በፊት ለጓደኛው ለኮጂ ሞሪ አጫውቶት ነበር፤ አሁን ሞሪ ያስታውሳል፣ የሚዩራ ረዳቶች ይሥላሉ። ሁሉም ግን እንዲህ ያለ ጓደኛ የለውም። ታኬሂኮ ኢኖዌ ቫጋቦንድ የሚባለውን ማንጋ በብሩሽ የሚሥለው ነው፤ ከ2015 ወዲህ ቆሟል። ያንን ብሩሽ ለማን ነው የምትሰጡት?

ቀሪዎቹን ባጭሩ።

«አኒሜው ስለሚጎተት ነው።» አኒሜውን፣ ማለትም ከማንጋው የሚወጣውን የካርቱን ፊልም፣ የሚሠራው ሌላ ድርጅት ነው። ማንጋውን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ አይጎትተውም። ፊለር የምትሉት ማንጋው እንዳይደረስበት የሚሞላ ነው።

«ማንጋ ሁሉ ረጅም ነው።» አብዛኛው በጥቂት ቅጽ ያልቃል። ስሙን የማትሰሙት ስላለቀ ነው።

«ረጅም ከሆነ አያልቅም።» ኮቺካሜ በ1976 ተጀምሮ በ2016 በ200 ቅጽ አልቋል። ደራሲው ኦሳሙ አኪሞቶ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ሳምንት አላጎደለም። ይሄ ሰው ከምን እንደተሠራ አልገባኝም።

መጠበቅ የማትወዱ ከሆነ ያለቀ አንብቡ። ፉልሜታል አልኬሚስት 27 ቅጽ ነው፤ በ2010 በሥርዓቱ ተዘግቷል። የሚወጣውን መከታተል ካማራችሁ ደግሞ አሳታሚው ሹኤይሻ ማንጋ ፕላስ የሚባል አፕ አለው፤ አዳዲሶቹን ምዕራፎች በነፃ ታነባላችሁ። ሀንተርን የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ቅጽ 32 ላይ አቁም እለዋለሁ። ጎን የሚባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ታሪክ እዚያ አካባቢ ይቋጫል። በ2011 የተጀመረው አኒሜም 148 ክፍል ሄዶ ያበቃው እዚያው ላይ ነው።