«ሦስት ድረ ገጾች ተስማምተዋል» እና ሌሎች የመረጃ ማጣመር ስህተቶች

«ሦስት ምንጮች ያንኑ ብለዋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?» ከብዙ ምንጮች የተሰበሰበ መረጃን ወደ አንድ በማጣመር ሥራ ላይ ይህን ስንት ጊዜ ሰማሁ! የሚሉትም ጀማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ።

የምንጮች ብዛት የሚረዳው ምንጮቹ እርስ በርስ ካልተቀዳዱ ነው። ጂኦኔምስ የተባለውን ነፃ የቦታ ስሞች ቋት ውሰዱ። ስዊድናዊው ስቬርከር ዮሃንሶን የሠራው ኤልኤስጄቦት የሚባል ፕሮግራም ከዚሁ ቋት እየቀዳ በስዊድንኛና በፊሊፒንሱ ሴብዋኖ ዊኪፔዲያዎች ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጽሑፎችን ጻፈ። ለጽሑፎቹም የዊኪፔዲያ እህት በሆነው የመረጃ ቋት፣ በዊኪዳታ ላይ መዝገብ ተከፈተላቸው። እንግዲህ አንድ ወንዝ መጀመሪያውኑ በጂኦኔምስ ያለ ቦታው ከተመዘገበ፣ ስህተቱ በሁለቱ ዊኪፔዲያዎችና በዊኪዳታ ሦስት ምስክር አገኘ ማለት ነው። ሦስቱም ግን የአንድ ሰው ወሬ የሚደግሙ ናቸው። አንድ ደንበኛችን እንዲህ ባለ የድምፅ ብልጫ የወረዳውን ካርታ «ብቻውን ተቃወመ» ብሎ ጥሎት ነበር። ትክክለኛው ካርታው ነበር።

ቅጂን ለመለየት የምንጮቹን ስህተት አነጻጽሩ። እውነቱ አንድ ስለሆነ በትክክለኛው መልስ መስማማታቸው ብዙም አያስረዳም። ስህተት ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በአንድ ዓይነት ስህተት ደጋግመው የሚገናኙ ሁለት ምንጮች ከተቀዳዱ ወይም ከአንድ ቦታ ከቀዱ በቀር የሚገጥሙበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። እነዚህን እንደ አንድ ድምፅ ቁጠሩ።

«ስሙ ከተለያየ ከተማውም ሌላ ነው»፦ ናዝሬትና አዳማን፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱን አራት ከተሞች ያደረገ ሠንጠረዥ እጄ ገብቷል።

«በሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ የሆነ ሕዋስ ዜሮ ነው»፦ አልተመዘገበም ማለትና የለም ማለት ለየቅል ናቸው። በቃ።

«ጥሩ ምንጭ በሁሉም ጥሩ ነው»፦ የሆቴሉን ስልክ ከራሱ ድረ ገጽ ውሰዱ፤ የመስተንግዶውን ጥራት ግን ሆቴሉን አትጠይቁት። ጥራት የሚለካው በየዓምዱ ነው።

«ዛሬ የተገኘ መረጃ የዛሬ ነው»፦ በሴፕቴምበር 2008 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ አየር መንገድ በ2002 ለኪሳራ ጥበቃ ማመልከቱን የሚያወራ አሮጌ ዜና ያለ ቀኑ በድረ ገጽ ብቅ አለ። የዜና መፈለጊያው እንደ አዲስ አነሳው፤ የድርጅቱ አክሲዮንም በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛውን ዋጋውን አጣ። የእኛ ጣጣ ደግሞ ይብሳል፤ «2012» ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታውቁ አታጣምሩ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለው። ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን፣ መረጃውን የሰበሰባችሁበትን ቀንና አቆጣጠሩን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ያዙ።